ስንቅ አመላላሿ ሻላ

አሌክሳንድሪያ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ህይወት መስፍን

እንደምን ከርመሻል? እናትሽ ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ልጅሽ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እንዴት ናችሁ? እኛ እዚህ፣ እኔም ባለቤቴ ብርሃነሽም፣ ከጉልበትና ከጆሮ በቀር ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ልጥለው ነበር። እኔ ቤት የሚመጣ ፖስታ ወይ የፒዛ ማስታወቂያ ነው ወይ የኢንሹራንስ፤ ጠቅልዬ ነው የምወረውረው። ብርሃነሽ ናት ከቆሻሻው ያወጣችው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ በእጅ የተጻፈ አማርኛ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። መቼም ካልጮኸች አልሰማትም። ደውለሽ ያላነሳሁት ንቄሽ እንዳይመስልሽ። አንዱ ጆሮዬ ምጽዋ ቀርቷል፣ ሌላውን ደግሞ ዕድሜ እየወሰደው ነው። በእኔና በአንቺ መሃል አንድ ድልድይና የቤልትዌይ አውራ ጎዳና ትራፊክ ብቻ እያለ በፖስታ መጻጻፋችን ያስቃል፤ ምን ይደረግ፣ ዓይኔ ገና ደህና ስለሆነ ጻፊልኝ።

ፌርፋክስ ሠርግ ላይ ያገኘሽው ሰው የነገረሽ እውነት ነው። የመርከባችን የሻላ የመጨረሻው አዛዥ እኔ ነኝ። የአገልግሎት ታሪኳንም በቀድሞ መርከበኞች ማኅበራችን ስም እየጻፍን ነው። ኮሚቴው ከተቋቋመ ሁለት ዓመት አለፈው፣ እስካሁን የተስማማነው በሽፋኑ ቀለም ብቻ ነው። አንዱ «የጦርነት ታሪክ ይሁን» ይላል፣ ሌላው «የሽንኩርት ጭነት የጦርነት ታሪክ አይባልም» ይለዋል።

ነገሩ ግን ሽንኩርትም ነበረበት። ሻላ ተዋጊ መርከብ አልነበረችም። ዱቄት፣ ናፍጣ፣ ኮቾሮ፣ ፖስታ፣ ከሁሉ በላይ ግን ውሃ ነበር የምታመላልሰው፤ ከአሰብ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ዳህላክ ደሴቶች። ባለ መድፎቹ «ሱቋ መጣች!» እያሉ ይስቁብን ነበር። ውሃ ያለቀባቸው ቀን ሳቁ ይቀርና ገና ከሩቅ ስንታይ ኮፍያ ማውለብለብ ይጀምራሉ። በነሐሴ ሙቀት አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ የሰጡትን ሰው ፊት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሕይወቴን ሙሉ ያየሁት ሹመትና ሜዳሊያ ያንን አያህልም።

አባትሽ ምክትል መሐንዲስ መስፍን የሞተር ክፍል ሰው ነበር። ከፓምፖቻችን አንዷ ነገረኛ ነበረች፣ እንደ ሰው ይሰድባት ነበር። «አንቺ አሮጊት፣ የዛሬን ብቻ!» ይላታል፣ ደግሞ ትነሳለች። ዘፈን አይችልም፣ ግን ይዘፍናል፤ እኛ ነን የምንቸገረው። አንድ ቀን ከቤት ፖስታ ደረሰውና «ልጄ ጥርስ አወጣች!» ብሎ ለመርከቡ ሰው ሁሉ ሻይ አስፈላ። ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ አንብቤዋለሁ፣ ደጋግሜም አንብቤዋለሁ። ሁሉ ነገር በደብዳቤ አይጻፍም። እባክሽ ታገሺኝ።

ኮማንደር በፈቃዱ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኖቬምበር 3፣ 2024

ውድ ኮማንደር በፈቃዱ፣

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎም ወይዘሮ ብርሃነሽም እንደምን አሉ? ስለመለሱልኝ በጣም ነው የማመሰግነው። አማርኛዬ ስህተት ካለበት ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ የመጣሁት በአሥር ዓመቴ ነው፣ መጻፍ እንዳልረሳ ያደረገችኝ እማዬ ናት። ልጄ ናዝራዊት ስጽፍ አይታኝ «ማም፣ ጀስት ቴክስት ሂም» አለችኝ። ለአንድ የባሕር ኃይል አዛዥ ቴክስት አይደረግም ብያታለሁ።

የሻዩን ነገር ስንቴ እንዳነበብኩት አይጠይቁኝ። ዊተን የጥርስ ሐኪም ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ጥርስ ሳይ እውልና ለእኔ ጥርስ ሻይ የተፈላበት መርከብ እንደነበረ አላውቅም ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን የጻፍኩበትን ምክንያት በግልጽ ልንገርዎት፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ አፍሬ ነው በደንብ ያላስረዳሁት። እማዬ ኩላሊቷ ደክሟል። በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊስስ ትሄዳለች። ዶክተሯ «ቤተሰብ መነጋገር ያለበትን አሁን ቢነጋገር ጥሩ ነው» ብሎኛል። ድሮ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች የአባዬን ስም ታስጠራ ነበር። አሁን አቅም ስላነሳት እኔን ላከችኝ። እዚያ ስሄድ ለሕያዋን አንድ ወረቀት አለ፣ ለሙታን ሌላ ወረቀት አለ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ከማን ጋር እንደምጽፈው አላውቅም። ሳልጽፍ ወጣሁ፤ ለእማዬ «ጽፌያለሁ» ብዬ ዋሸኋት።

እሷ ሁልጊዜ የምትጽፈው ከሕያዋን ጋር ነው። «ከተሰደዱት መርከበኞች ጋር የመን ነው፣ አድራሻ ጠፍቶበት ነው» ትላለች። ኮሎምቢያ ሃይትስ እንኖር በነበረ ጊዜ አንድ ቀን በጠዋት ጥቁር ኮት የለበሱ ሰዎች ከበራችን ቆመው በመስኮት አየች። ፒጃማዬን ሳልቀይር በጓሮ በር ይዛኝ ወጣች። ቀኑን ሙሉ ባስ ላይ ዋልን፣ ከአንዱ ወርደን ሌላው ላይ እየወጣን። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው የአባዬ ባልደረቦች እንደነበሩ የጠረጠርኩት። ከእነሱ መሃል እርስዎ ነበሩ?

ኮማንደር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አባቴ በሕይወት አለ ወይስ የለም? አንድ ቃል ይበቃኛል። እማዬ ሳታውቅ እንድታልፍ አልፈልግም።

አክባሪዎ
ህይወት


አሌክሳንድሪያ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ህይወት፣

እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ብርሃነሽ ስለ ኩላሊቱ ሰምታ ሻማ አብርታለች።

አዎ፣ እኔ ነበርኩ። አራት ሆነን ነው የመጣነው። ደጅ ቆመን ቆመን፣ ጎረቤታችሁ የሆነች ሴትዮ «በጓሮ ወጥተዋል» አለችን። ያኔ ለጓደኞቼ «መስማት ያልፈለገን ሰው በግድ ማሰማት አይገባም» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤታችሁ በጠየቅሁ ቁጥር «ባሏ የመን ነው ትላለች፣ አትንኳት» ይሉኛል፤ እኔም አልነካኋትም።

ስለ መርከቧ ልቀጥልልሽ። በ1982 የካቲት ምጽዋ በየብስ ተቆረጠች። የከተማው ውሃ ቆመ። ወታደሩም፣ ሕዝቡም፣ ሕፃናቱም ከባሕሩ ዳር ሆነው የጨው ውሃ እያዩ ይጠማሉ። ትእዛዝ መጣልን፤ ከዳህላክ ማከማቻ ውሃ ጭናችሁ ግቡ። ገባን። ተመለስን፣ ደግሞ ገባን። ወደቡ ላይ ጀሪካን ይዘው የሚጠብቁት ሰዎች ጥይት ሲመጣ ይተኛሉ፣ ሲያልፍ ተነስተው ሰልፋቸውን ይይዛሉ። አባትሽ ከታች ፓምፑን ይዟል። ከላይ ያለነው ድምፁን እንሰማለን፤ ያቺን አሮጊት እየተሳደበ፣ ደግሞ እየዘፈነ። ኮሚቴው ውስጥ ያለ አንድ ሰው «ዘፈኑን ታሪክ ውስጥ አናስገባም» ብሎኛል። እኔ ደግሞ ዘፈኑ ካልገባ ስሜን ከመጽሐፉ አውጡ ብዬዋለሁ።

ሦስተኛውን መግባታችንን ዛሬ አልጽፍልሽም።

ለመጽሐፉ የአባትሽ ፎቶ ቢኖርሽ ላኪልኝ። ሙሉ ስሙንም እስከ አያት። አንድ ደግሞ አለ፤ የእናትሽ የንስሐ አባት ማን ናቸው? ስልካቸውን ብትጽፊልኝ መልካም ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ቡራኬ እንዲሰጡልን አስበን ነው።

ኮማንደር በፈቃዱ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሴምበር 1፣ 2024

ውድ ኮማንደር፣

እንደምን ሰነበቱ? ፎቶው ከዚህ ጋር አለ፤ ያለን እሱ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ኮፒ አድርገው ይመልሱልኝ። ሙሉ ስሙ መስፍን ታደገ ወልደየስ ነው።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ተናድጃለሁ። የጠየቅሁት አንድ ቃል ነው፣ የተላከልኝ የመርከብ ታሪክ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል፣ አባቴ በውስጡ ይዘፍናል፤ ግን እኔ እሁድ ሲመጣ የምጽፍበትን ወረቀት ነው የማላውቀው። እዚህ አገር ሐኪም ካንሰር ያለበትን ሰው እንኳን ፊት ለፊት ቁጭ አድርጎ ነው የሚነግረው። እኔ እዚህ ያደግሁ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሲከፋኝ እንዲህ ነኝ።

የእማዬ የንስሐ አባት ቀሲስ ነህምያ ናቸው። ስልካቸው የእሷ ስልክ ውስጥ ስለሆነ ነገ ከዲያሊስስ ስመልሳት ጠይቄያት እልክልዎታለሁ።

ህይወት


አሌክሳንድሪያ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

እናትሽን አትጠይቂያት! ይህ ከመድረሱ በፊት ጠይቀሽ እንዳይሆን እየፈራሁ ነው የምጽፈው። ስለ ቀሲስ ነህምያ አንድም ነገር እንዳታነሺባት። ስልካቸውን እኛው ከሌላ ሰው እናገኘዋለን።

ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ነበርኩ፣ ልቤ ትንሽ አስቸግሮኝ፤ አሁን ወጥቻለሁ። ደብዳቤሽን ብርሃነሽ አመጣችልኝና አንብባ ስትጨርስ ግንባሯን መታች። «አብደሃል እንዴ? የሰው ንስሐ አባት በፖስታ ይጠየቃል? አሰፋሽ ሞኝ መሰለችህ?» አለችኝ። ነርሷ ጠብ መስሏት ሮጣ መጣች።

በመቆጣትሽ አልተቀየምኩም። መቆጣትሽ ያባትሽ ነው፤ እሱም አለቃ አይፈራም ነበር። እስክጽፍልሽ ድረስ ዝም በይ፣ እባክሽ።

በፈቃዱ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሴምበር 29፣ 2024

ውድ ኮማንደር በፈቃዱ፣

እግዚአብሔር ይማርዎት። መታመምዎን ባውቅ ያን የመሰለ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። አፈርኩ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከጠየቅኋት በኋላ ነው። መኪና ውስጥ ነበርን፣ ከዲያሊስስ ስንመለስ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ። «እማዬ፣ የቀሲስ ነህምያን ስልክ ስጪኝ፣ ኮማንደር በፈቃዱ ፈልገዋቸው ነው» አልኳት። መጽሐፉንም፣ ቡራኬውንም ነገርኳት፤ እኔ ደስ ይላታል ብዬ ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆምን፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ክላክስ አደረጉብኝ፣ እኔ ግን ፊቷን እያየሁ ነበር። ከዚያ «ንስሐ አባት የሚፈለገው ለመጽሐፍ አይደለም፣ ልጄ» አለች።

ቤት ስንደርስ ለአክስቴ ሚጣ ደወልኩ። ሚጣ አስረዳችኝ። ሰው ሲሞት በስልክም በፖስታም እንደማይነገር፤ ሽማግሌዎች ንስሐ አባት ይዘው በጠዋት እንደሚመጡ፤ እናቴ በዚያን ቀን በጓሮ በር ያመለጠችው ሰዎቹን ሳይሆን መርዶውን እንደሆነ። አርባ ዓመት ሆኖኛል፣ ይህን አላውቅም ነበር። ስንት ሰው የአያቱን ሞት ከዓመት በኋላ ነው የሰማው እያልኩ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በእኔ ቤት ሠላሳ አምስት ዓመት መሙላቱን አላሰብኩትም።

እንግዲህ የማውቀውን አውቄያለሁ። አይጻፉልኝ።

እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ወትሮዋ ናት። ትበላለች፣ ዜና ታያለች፣ ናዝራዊትን ስለ ቀሚሷ ማጠር ትቆጣታለች። ትናንት ግን አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠራችኝና «ሰዎቹን በያቸው» አለችኝ። «ማንን?» አልኳት፣ እያወቅሁ። «የመስፍንን ሰዎች። ይምጡ። የትም አልሄድም» አለችኝ። ፈራች ኮማንደር፣ እኔም ፈርቻለሁ። የሚነግሯት ነገር ይገድላታል ብዬ ነው የምፈራው። አሁን ይቅር ብዬ ልጽፍልዎት ሁለቴ ወረቀት አንስቼ ነበር።

ግን ኑ። አደራ፣ ቶሎ ኑ።

ልጅዎ ህይወት


አሌክሳንድሪያ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ህይወት፣

የጥምቀት ማግስት ብለን ነበር፣ ቀሲስ ነህምያ ያቺ ሳምንት ጥድፊያ ናት አሉን። ስለዚህ ቅዳሜ ጥር 17፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 25 ጠዋት እንመጣለን። ዲያሊስሷ ዓርብ መሆኑን ብርሃነሽ ከአክስትሽ አጣርታለች፤ ቅዳሜ ትንሽ ጉልበት ይኖራታል። ከሥራ ፈቃድ ውሰጂ። ሚጣ ዓርብ ማታ መጥታ ከእናንተ ጋር ትደር። ጎረቤቶችሽን ፈረንጅም ቢሆኑ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ልቅሶ ሰምተው ፖሊስ እንዳይጠሩ። ፓርኪንግ አታስቢ፣ ጓደኛችን አብርሽ በቫኑ ያመጣናል።

ከሻላ ሰዎች በዚህ አገር የቀረነው ሰባት ነን። ሰባታችንም እንመጣለን። አንዱ ከአትላንታ በአውሮፕላን ይመጣል።

እስከዚያ እህል እንድትቀምስ አድርጊያት። አንቺም ብዪ።

በፈቃዱ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌብሩዋሪ 16፣ 2025

ውድ አባቴ ኮማንደር በፈቃዱ፣

እንደምን አሉ? ልብዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚያ ብርድ ለመጣችሁ ሁሉ፣ ሦስቱን ቀን ላልተለያችሁን ሁሉ፣ ሰሃን ላጠቡት፣ ወንበር ለተሸከሙት፣ ብድር መላሽ ያድርገን። ይህን አባባል ሚጣ ናት ያስጻፈችኝ፣ ግን ከልቤ ነው።

እማዬ በሰባ አንድ ዓመቷ ጥቁር ለበሰች። ልብሱ ትንሽ ሰፍቷታል፣ ጠባብ አድርጉልኝ አላለችም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስሙን በሙታኑ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። አባት የጠፋበት ልጅ ሆኜ ነው ያደግሁት፣ በአርባ ዓመቴ አባት የሞተበት ልጅ ሆንኩ። የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለለኝም፣ ግን አሁን የማለቅስለትን አውቃለሁ።

የዚያን ቀን እርስዎ ያልሰሙትን ልንገርዎት። ቀሲስ ነህምያ ከጨረሱ በኋላ፣ እርስዎ «በሦስተኛው መግባታችን ከፓምፑ ሥር ሳይለይ አረፈ» ካሉ በኋላ፣ ሁሉም ሰው እማዬ ትጮሃለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ወደ እርስዎ ዞራ ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች። እርስዎ አልሰሙም። ደግማ ጠየቀች፣ አልሰሙም። ወይዘሮ ብርሃነሽ ናቸው በጆሮዎ የጮኹት፤ «ተቀብሯል ወይ ትልሃለች!» ብለው። ቤቱ ሙሉ ሰው የእርስዎን አፍ ነበር የሚያየው። ሌሎቹ መርከበኞች አንገታቸውን ደፉ። እርስዎም ነገሯት፤ ወደ ዳህላክ ይዛችሁት እንደተመለሳችሁ፣ መሬቱ ነጭ ድንጋይ ስለሆነ በዲጂኖ ተፈራርቃችሁ እንደቆፈራችሁ፣ ዲያቆን የነበረ መርከበኛ የሚያውቀውን ያህል ፍትሐት እንዳደረሰለት፣ ራስጌው ላይ ድንጋይ እንዳቆማችሁ።

የዚያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ሁላችሁም የሐዘን ጩኸት መስሏችሁ ነበር፣ እኔም መስሎኝ ነበር።

እንግዳ ሁሉ ከሄደ በኋላ ነገረችኝ። መሞቱን ድሮ ጠርጥራለች። የሸሸችው ሞቱን አይደለም። «የመርከብ ሰው ነው፤ ባሕር ወስዶታል፣ መቃብር የለውም ቢሉኝስ ብዬ ነው» አለችኝ። «ዓሣ የበላው ባል አለኝ ብዬ እንዴት ልኑር? ከዚያ የመን አለ ብዬ ብኖር ይሻለኛል።» ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳር ስንሄድ ሁልጊዜ ራሴን አመመኝ እያለች የምትቀረው ለዚህ ነው። እኔ ፀሐይ ስለማትወድ ይመስለኝ ነበር።

አዝናለሁ ኮማንደር፣ እናደዳለሁም፣ በማን እንደምናደድ አላውቅም እንጂ። እናንተ ልቧን እንዳንሰብር ብላችሁ ዝም አላችሁ። እሷ እንዳልሰማ ብላ ሸሸች። ሞቱን ስትሰውሩባት መቃብሩም አብሮ ተሰወረባት፤ በየቀኑ ልታመሰግን የምትችልበት ነገር በእናንተ ልብ ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት ተቀምጦ ነበር። ማንም ክፉ አላደረገም። እንደዚያም ሆኖ ያንገበግበኛል።

አሁን ስለ መጽሐፉ። የላኩልኝን ረቂቅ ለእማዬ አነበብኩላት። ዘፈኑ በመግባቱ ሳቀች፤ «ድምፁ እኮ አያምርም ነበር!» አለች። የወደቁት ሰዎች ስም ጋ ስደርስ ግን አስቆመችኝ። ረቂቁ ላይ «ምክትል መሐንዲስ መስፍን ታደገ፣ በባሕር ላይ ግዳጁን ሲፈጽም የወደቀ» ይላል። እንድጽፍልዎት አዝዛኛለች። ሌላውን ኮሚቴው እንደፈለገው ያድርገው፤ ማዕረጉን ቢፈልጉ ይጨምሩ፣ ቢፈልጉ ይቀንሱ። እዚህ ላይ ግን «ዳህላክ፣ መሬት ውስጥ ተቀበረ» ተብሎ ይጨመርልኝ ብላለች። መሬት የሚለው እንዳይቀር፣ ሁለቴ ነው ያስደገመችኝ።

ልጅዎ
ህይወት መስፍን